ጥርስ ጌጥ ነው እንዴ?

አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ። ልብ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃልና። እኛ ግን ዛሬ ነገሩን ገልበጥ አድርገን ልናወራ ነው። በእኛ አገር ባዳ የሆነው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሱን ያጣው ሰው ነው። በተለይ ደግሞ ጥርሱን ያጣው በአረጋውያን መጦሪያ ወይም በአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ውስጥ ከሆነ ባዳነቱ እጥፍ ድርብ ነው።

እስቲ «ጥርስ» ሲባል መጀመሪያ ምን ይታየናል? እኛ የከተማ ልጆች ጥርስ ስንል ሳቅ ነው፣ ፎቶ ነው፣ ሠርግ ሲደርስ የሚታጠብ ነገር ነው። ብሬስ ያሳሰረች ልጅ ስናይ «የሰው ልጅ ገንዘብ ሲያገኝ» ብለን እንቀልዳለን። ከእኛ በፊት የነበሩትም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰዋል፣ አባቶቻችን አቅም ሲኖራቸው የወርቅ ጥርስ አስለብሰው ከት ብለው ስቀዋል። ጥርስና ውበት በአእምሯችን ውስጥ ተጋብተው የሚኖሩ ናቸው። ምንም ክፋት የለውም። ክፋት የሚመጣው ይህ አስተያየት ከመስታወት ፊት ተነስቶ መመሪያ ውስጥ ሲገባ ነው።

ገብቷል እንዴ? አዎ ገብቷል።

የተነቀለው ይነቀላል፣ የሚተካው አይተካም

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች መሞከር ጀመረ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ዛሬም ግሩም ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው በዓመት ትንሽ ገንዘብ ያዋጣል፤ ሲታመም በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል። ዕድርን ለቀብር እንደፈጠርነው ሁሉ ይህም ለበሽታ የተፈጠረ ዕድር ነው ማለት ይቻላል። መዋጮውን መክፈል ለማይችለው ድሃ ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል።

ከሽፋኑ ውጭ የሆኑት ነገሮች ብዙ አልነበሩም። ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይሸፈንም። እሺ። ለመልክ ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይሸፈንም። ይሁን፣ ማን ይቃወማል? ከዚሁ ጋር አብሮ ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ ተቀመጠ። ምክንያቱስ? ውበት ነዋ! አፍንጫ ከማስተካከል፣ ቆዳ ከማስወጠር ጋር አንድ ላይ ተቆጠረ።

እንግዲህ ነገሩን በሰከነ መንፈስ እንየው። አንድ አባት መንጋጋቸው በስብሶ ሲያሰቃያቸው የጥርስ ክፍል ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ሄደው ቢያስነቅሉ መድህኑ አብሯቸው አለ። ሁለተኛው ሲነቀል አለ። ሦስተኛውም፣ አሥረኛውም ሲነቀል አለ። አፋቸው ባዶ ሆኖ እንጀራ ማላመጥ ሲያቅታቸው ግን መድህኑ «ከዚህ በኋላ ያለው ቁንጅና ነው» ብሎ ይሰናበታቸዋል። የ75 ዓመት አዛውንት ለቁንጅና ውድድር ሊቀርቡ ነው እንዴ?

በዚህ ረገድ እኛ ብቻ አይደለንም፤ ፈረንጆቹም ከእኛ ቀድመው ተሳስተዋል። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር ሁሉም ነገር በነጻ ነበር። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1951፣ የገንዘብ ችግር መጣና ክፍያ ሲጣል መጀመሪያ የተመረጡት ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር ነበሩ። አገልግሎቱን የመሠረተው አኒዩሪን ቤቫን በዚህ የተነሳ የሚኒስትርነት ሥልጣኑን ጥሎ ወጣ። የአሜሪካው ሜዲኬርም እ.ኤ.አ. በ1965 ለአረጋውያን ሲቋቋም መደበኛ የጥርስ ሕክምናን ውጭ አስቀርቶ ነው የተነሳው። ካናዳ በበኩሏ በመንግሥት የሚከፈል የጥርስ ሽፋን ስትጀምር በ2024 መጀመሪያ ያስገባችው አረጋውያኑን ነው። ገንዘብ ሲጠብ ሁሉም አገር እጁን የሚሰነዝረው ወደ ድሃ አፍ ነው፤ ሲነቃ ደግሞ መጀመሪያ የሚመለሰው ወደዚያው አፍ ነው። እኛስ እስክንነቃ ስንት ዓመት እንጠብቅ?

ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ሆነን ስናየው

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ወደ ሁለት ከተሞች እንውረድ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ስንወርድ የምናገኛት፣ ቡናና ጫት፣ ነጋዴና ተማሪ የሚተላለፉባት የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ቡታጅራ ደግሞ በዓለም ገና፣ ወላይታ ሶዶ መንገድ ላይ ተቀምጣ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ሁለቱም ከተሞች ለመስቀል ሰው የሚጎርፍባቸው፣ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ወጣቱ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባና ወደየንግዱ የሚበተንባቸው ናቸው።

ጉራጌ ሽማግሌውን አይጥልም። አረጋዊ የሚጦረው በቤቱ፣ በልጆቹ መካከል፣ ጀፎሮው ዳር ባለው ግቢው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ነገር ግን ይኼው እውነት ሌላ ነገር ይሸፍንብናል። ልጅ የሌለው አለ። ልጁ ርቆ ጠፍቶ የቀረ አለ። ወጣትነቱን መርካቶ ሸክም ላይ አሳልፎ ጉልበቱ ሲከዳው ቤት የሌለው ሆኖ የተገኘ አለ። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከቤት ወጥቶ አደባባይ የቀረ አለ። መርጃ ማዕከል የሚገባው እንግዲህ ይህ ሰው ነው፤ ሁሉ ነገር ካለቀበት በኋላ።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚያነሱ ደጋጎች በአገራችን አሉ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጀመረው መቄዶንያ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል፤ ከአዲስ አበባ ውጭም ቅርንጫፎች አሉት። በየከተማው በቤተ እምነቶች፣ በማኅበራትና በግለሰቦች ጥረት የቆሙ ትናንሽ ቤቶችም አሉ። እነዚህ ቤቶች ሰውን ከመንገድ አንስተው ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያበላሉ። ሰው ሊያመሰግናቸው እንጂ ሊወቅሳቸው አይገባም። ጥያቄያችን ወደ እነሱ አይደለም። ጥያቄያችን ለሚበላው ሰው ምግቡ ከቀረበ በኋላ በምን ያኝከዋል የሚለው ነው።

እስቲ አንድ ሰው በሐሳባችን እንያዝ። ዕድሜያቸው 70 ያለፈ፣ ከቡታጅራ ገጠር የወጡ አባት ናቸው እንበል። ማዕከል ገብተዋል። አፋቸው ውስጥ የቀሩት አምስት ጥርሶች ናቸው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ይነቃነቃሉ። መስቀል ደረሰ። በጎ አድራጊዎች ክትፎ በቆጮ ይዘው መጡ። ክትፎው ችግር የለውም፤ ለእሳቸው የተፈጠረ ይመስላል። ቆጮውስ? ቆጮ እኮ ጥርስ ይፈልጋል። ዕድሜ ልካቸውን የበሉትን፣ ሚስታቸው የፋቀችውን፣ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ወራት የቆየውን፣ አገራቸውን አገራቸው የሚያሰኘውን ምግብ ሳህናቸው ላይ ትተውት ይነሳሉ። «ጠገብኩ» ይላሉ። አልጠገቡም። አስተናጋጁ ወጣት ደግሞ «አባባ የምግብ ፍላጎታቸው ቀንሷል» ብሎ ይጽፋል።

ለእሳቸው የሚሆን ነገር የለም ማለታችን አይደለም። ቡላ አለ፣ ገንፎ አለ፣ አጥሚት አለ። ነገር ግን ሰው ሳይታመም ዕድሜ ልኩን የአራስ ምግብ እየበላ ይኖራል? ቆሎ፣ ሥጋ፣ ጥሬ ጎመን፣ ካሮት፣ ጠንከር ያለ ዳቦ፣ እነዚህ ሁሉ ከገበታው አንድ በአንድ ይወጣሉ። የሚቀረው ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ሰውነቱ ይከሳል፤ ስኳር ካለበት ስኳሩ ይጨምራል። ታዲያ ይህ ውበት ነው ወይስ ጤና?

መታወቂያ የሌለው፣ ቤተሰብ የሌለው

መድህኑ ሰው ሠራሽ ጥርስን ነገ ቢሸፍን እንኳ እኚህ አባት ላያገኙት ይችላሉ። ለምን? የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው። አባወራ ወይም እማወራ ይመዘገባል፤ ቤተሰቡ በአንድ ደብተር ይታቀፋል። መክፈል የማይችለውን የሚመርጠው ደግሞ ሰፈሩና ቀበሌው ነው፤ «እገሌ እውነትም ድሃ ነው» ብሎ የሚመሰክር ጎረቤት ያስፈልጋል።

መጦሪያ ያለ ሰው አባወራ አይደለም። ቀበሌው የተወለደበት ነው? የጠፋበት ነው? ወይስ ማዕከሉ ያለበት? ብዙ ጊዜ መታወቂያውም አብሮት የለም። በአእምሮ ሕመም የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ስሙን በትክክል ለመናገር ራሱ ወራት ሊፈጅበት ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690ም ቢሆን የታሰበው ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው ነው። የእኛ ሰው ደመወዝም ጡረታም የለውም። አንዱ መድህን ቤተሰብ ይጠይቀዋል፣ ሌላው ደመወዝ ይጠይቀዋል፤ እሱ ሁለቱንም አጥቶ ነው ማዕከል የገባው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕጻናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለው ሐረግ ሁሌም ማምለጫ ናት። እሺ፣ አቅም እንበል። ከዚህ በታች የምናነሳው ነገር ግን ከአቅም በላይ አይደለም።

አፍ የሰውነት በር ነው

ጥርስና ድድ ከሌላው ሰውነት ተለይተው የሚኖሩ ጎረቤቶች አይደሉም። የተቆጣ ድድ የስኳር ሕመምን ያባብሳል፤ ስኳሩም በተራው ድዱን ያባብሳል። በተለይ ለተኛና ለደከመ አረጋዊ ትልቁ አደጋ ሌላ ነው። የመዋጥ ኃይሉ ስለሚደክም ምራቁ ቀስ ብሎ ወደ ሳንባው ይወርዳል። አፉ ካልጸዳ ከምራቁ ጋር ጀርሙም አብሮ ይወርዳል። ውጤቱ የሳንባ ምች ነው። «አባባ በብርድ ተመትተው ሞቱ» የምንለው ሁሉ በብርድ ነው ወይ?

ይህን ጃፓኖች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በ11 የአረጋውያን መጦሪያዎች የተደረገ ነበር። አረጋውያኑን ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን አስታማሚዎች ከምግብ በኋላ ጥርሳቸውን ይቦርሹላቸዋል፤ ሌላው ቡድን እንደ ወትሮው ቀጠለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ ካልተቦረሸላቸው ውስጥ 19 በመቶው በሳንባ ምች ተይዘዋል፤ ከተቦረሸላቸው ውስጥ ግን 11 በመቶው ብቻ። የተጠቀሙት አዲስ መድኃኒት ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽን አይደለም፤ ቡርሽ ነው። ብሩሽና አሥር ደቂቃ ትዕግሥት።

ወደ ቡታጅራ እንመለስ። ቡታጅራ በዓለም የሕክምና ምርምር ውስጥ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአካባቢው ልደትና ሞት እየመዘገበ ኖሯል። ከ1998 እስከ 2001 ደግሞ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለዓመታት ተከታተሉ። በ2015 የወጣው የአሥር ዓመት ክትትል ልብ ይሰብራል። ከ919ኙ 121ዱ ሞተዋል። የሞቱት ሰዎች ሊኖሩት ከሚገባቸው ዕድሜ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቀንሶባቸዋል። ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በተላላፊና በኢንፌክሽን በሽታዎች የመጡ ናቸው።

ጥናቱ የጥርስ ጥናት አይደለም፤ ያላለውንም አናስብለውም። የሚነግረን ነገር ግን ግልጽ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ የሚገድለው እኛ የምንፈራው «እብደቱ» ሳይሆን ማንም ያላየለት የሰውነት ሕመሙ ነው። ጥርሱም ከዚህ ውስጥ ነው። እንደ አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፕሮማዚን ያሉ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ። ምራቅ ደግሞ የጥርስ ጠባቂ ነው፤ ምራቅ ሲነጥፍ ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል። ስለዚህ አእምሮውን ያከምንለት ሰው በመድኃኒቱ ምክንያት ጥርሱን ሊያጣ ይችላል። ጥርሱን ሲያመውም «አመመኝ» ብሎ ማስረዳት ላይችል ይችላል። ይጮሃል፣ ምግብ ይገፋል፣ ሰው ይገፋል። እኛም «ተነሳበት» እንላለን፤ መድኃኒቱም ይጨመርለታል። የበሰበሰው መንጋጋ ግን እዚያው ነው።

ለዓይን የቻልነው ለጥርስ ለምን አቃተን?

«ኧረ ልጆች፣ ካንሰርና ኩላሊት እያለ ስለ ጥርስ ታወራላችሁ?» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገሪቱ ደሃ ናት፤ የሚቀድም ይቀድማል። ነገር ግን ቀዳሚነት የሚለካው በበሽታው ስም ግርማ ብቻ አይደለም። በስንት ብር ምን ያህል ስቃይ ይቀንሳል በሚለውም ነው። ኩላሊት ማጠብ ውድ ነው። ብሩሽ ግን ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እንዲያው ለሽቶነቱ አይደለም።

ደግሞም ለዚህ መልስ የሚሰጠን ሩቅ አገር አይደለም፤ ቡታጅራ ራሷ ናት። ግራርቤት ተሃድሶ ማህበር የሚባለው አገር በቀል ድርጅት ቡታጅራ ላይ ተቀምጦ ለአካል ጉዳተኞችና ለዓይን ሕሙማን ስንት ሥራ ሠርቷል። በጉራጌ ገጠር በትራኮማ ዓይኑ ሊጠፋ የነበረ ሰው ተፈልጎ ይታከማል። ሞራ የጋረዳቸው እናት በዘመቻ ቀዶ ሕክምና አግኝተው የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ። ማንም ሰው ተነስቶ «ማየት ቅንጦት ነው» አላለም። ዓይን ላይ የጋራ ስምምነት አለን። ጥርስ ላይ የሌለን ስምምነቱ ነው እንጂ አቅሙ አይደለም።

ወልቂጤም እንዲሁ። አጠገቧ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ገጠር ውስጥ ሆስፒታል ያልተለመደ ነገር ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ ደግሞ ዛሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሐኪም የሚያስተምር፣ ሆስፒታል ያለው። ስለ ጉራጌ ሰው የመተባበር ችሎታማ ምን እንናገራለን? በ1950ዎቹ መንገድ የለንም ብሎ ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ ያስቆፈረ ሕዝብ ነው። መንገድ ያስቆፈረ ሕዝብ ለአንድ መጦሪያ የጥርስ ብሩሽ አያንሰውም።

እና ምን ይደረግ?

ችግር ዘርዝሮ መሄድ የእኛ ትውልድ ሥራ ሆኗል ይባላልና እኛ ደግሞ መፍትሔ የምንለውን እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ከማንም ፈቃድ ሳንጠብቅ ዛሬ የሚጀመረው፣ ብሩሽ ነው። በየማዕከሉ ለእያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበት የራሱ ብሩሽ ይኑረው። በጅምላ አንድ ዕቃ ውስጥ የተከመረ ብሩሽ ብሩሽ አይደለም፤ የበሽታ መለዋወጫ ነው። ራሱ መቦረሽ የማይችለውን አስታማሚው ይቦርሽለት፤ ጥርስ ለሌለው ደግሞ ድዱና ምላሱ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግለት። መፋቂያ የለመደ አባት ካለ መፋቂያው ይቀርብለት፤ እሱም ሥራውን ያውቃል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ማታ ያውልቀው፣ ይታጠብለት። አስታማሚዎችን ይህን ለማሰልጠን ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ሰው ማዕከል ሲገባ ደም ግፊቱ እንደሚለካ ሁሉ አፉም ይታይ። የሚያመውን ተናግሮ ለማያስረዳ ሰው ይህ ብቸኛ ምስክሩ ነው። የሁለቱ ከተሞች ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ሆስፒታሎች በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ የጥርስ ባለሙያ ወደ መጦሪያዎቹ ቢልኩ ሃምሳ ሽማግሌ በመኪና ጭኖ ወረፋ ከማስያዝ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ መድህኑ የመርጃ ማዕከላትን ነዋሪዎች በማዕከላቸው በኩል በጋራ ይመዝግብ። ማዕከሉ እንደ ቤተሰብ ይቆጠር፤ መዋጮውንም ለድሃ ከሚከፈለው ድጎማ ወረዳውና ክልሉ ይክፈሉ። መጦሪያ የገባን ሰው «ድሃ መሆንህን ጎረቤት ይመስክርልህ» ማለት ቀልድ ነው። መጦሪያ መግባቱ ራሱ ምስክር ነው።

አራተኛ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከውበት ዝርዝር ይውጣ። ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ዓይነት ይሸፈን እያልን አይደለም። የተተከለ ጥርስ ውድ መሆኑን እናውቃለን። ማላመጥ ለማይችል ሰው ግን ቢያንስ ተነቃዩ ጥርስ እንደ ክራንችና እንደ ዊልቸር ይቆጠር። እግር የሌለው ሰው ክራንች ሲይዝ «አማረብህ» አንለውም። መራመጃው ነው። ያም ማላመጫው ነው።

አምስተኛው ለእኛ ነው፤ ለወጣቶቹ። ልደትን፣ ምርቃትንና ሠርግን በመርጃ ማዕከል ማክበር እየተለመደ መጥቷል። ደስ የሚል ልማድ ነው። ግን ይዘን የምንሄደውን እናስታውስ፦ ኬክ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ። ጥርሱ ለሚበሰብስና ጥርስ ሐኪም ለማያገኝ ሰው ስኳር ይዘን ሄደን፣ አብረን ፎቶ ተነስተን፣ ነጭ ጥርሳችንን አሳይተን እንመለሳለን። በሚቀጥለው ልደት ከኬኩ አጠገብ መቶ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ይኑር። የጥርስ ሕክምና የተማራችሁ ጓደኞች ካላችሁ ደግሞ እነሱን ይዛችሁ ሂዱ። ለመስቀል ወልቂጤና ቡታጅራ የምትወርዱም፣ ክትፎውን ለማዕከሉ ስታደርሱ «ቆጮውን ማን መብላት ያቅተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄዋ ትንሽ ናት፤ መልሷ ግን የማዕከሉን ግማሽ ሰው ልታሳያችሁ ትችላለች።

በአማርኛ መከራ የቻለን ሰው «ጥርሱን ነክሶ ኖረ» እንላለን። በየመጦሪያው ያሉት አባቶችና እናቶች ዕድሜያቸውን ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ኖረዋል፤ ተሸክመው፣ ቆፍረው፣ ፍቀው፣ ነግደው። አሁን የሚነክሱት ጥርስ አልቆባቸዋል። ቢያንስ እህል የሚያላምጡበት እንመልስላቸው።

ቸር እንሰንብት!